ለጉልበት የሚቆፈር አሸዋ

ከምሳ በኋላ መተኛት በዚህ ደሴት እንደ ሕግ ነው፤ ሱቅ ይዘጋል፣ ውሻ ሳይቀር ጥላ ፈልጎ ይጋደማል፣ በዚያ ሰዓት የሰው በር ያንኳኳ ስድ ይባላል፤ ፓሽክ ግን ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ፣ ዓይኑን አፍጥጦ፣ የመስኮቱን መዝጊያ ያዳምጣል። መዝጊያው ይንገጫገጫል። ፕሬንዳ ከመጣች ጀምሮ እንደተንገጫገጨ ነው። የነሐሴ ነፋስ ነው፤ ያውቀዋል፣ ስንቱን ነሐሴ እዚህ ግሪክ አገር፣ ናክሶስ ላይ አሳልፏል፣ በየዓመቱ ይመጣል፣ አንድ ሰሞን ይጮሃል፣ ይሄዳል፤ ዘንድሮ ግን እሷን ጠብቆ፣ ገና ከመርከብ ስትወርድ ሻሿን ከራሷ ላይ ነጥቆ ባሕር ውስጥ ጥሎ፣ እንደ ሰው ተንኮል አስቦ ነው የመጣው። ነፋስ ባለበት አሸዋ አይሞቅም። ላዩ እግር ይለበልባል፤ ጣት ሰደድ ሲያደርጉበት ግን ሆዱ እንደ ጉድጓድ ውሃ ቀዝቃዛ ነው። በየማለዳው ወደ ዳርቻው ወርዶ ጣቱን እየሰደደ አይቷል። ቀዝቃዛ። በማግስቱም ቀዝቃዛ። ከነገ ወዲያ ጠዋት መርከቡ ይነሳል፣ እሷም ትሄዳለች፣ እሱም ሚስቱን ከአገሯ ድረስ አስጠርቶ የነፋስ ጩኸት አሰምቶ የመለሰ ሰው ሆኖ ይቀራል።

ከወዲያኛው ግድግዳ ሥር፣ እሱ የሚሠራበት የድንች እርሻ ባለቤት ኪራ ካሊዮፒ፣ ኪራ እዚህ እንደ እመት ነው፣ ባዋሰችው ታጣፊ አልጋ ላይ፣ ፕሬንዳ ፊቷን አዙራ ተጋድማለች። ትተኛ አትተኛ አያውቅም። ድሮ ያውቅ ነበር። ድሮ በጨለማ ውስጥ አተነፋፈሷን ሰምቶ አሁን ተኛች፣ አሁን የተኛች መስላ ነገር ታብሰለስላለች ብሎ ይለይ ነበር፤ አሁን ግን የገዛ ሚስቱ ትንፋሽ እንደ ማያውቀው አገር ቋንቋ ሆኖበታል። ይህም አናደደው። በማን እንደተናደደ ግን አያውቅም። በነፋሱ ነው? በእሷ ነው? መጥታ ሳምንቱን ሙሉ እዚህ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ፣ ልብሱን ሁሉ አጥባ፣ ፍራሹን ገልብጣ፣ ከፍራሹ ሥር ያለውን አቧራ ሳይቀር ጠራርጋ፣ አንዲት የወቀሳ ቃል አልወጣትም። ብትወቅሰው ይሻለው ነበር። መጀመሪያው ቀን ማታ መደርደሪያውን ከፍታ አየችና፣ «አንድ ሳህን ነው ያለህ?» አለችው። «አንድ ሰው ነኝ» አላት። ከዚያ ወዲያ ምንም አላለችም፤ የእሱን በሳህኑ ሰጥታ የራሷን በድስቱ ክዳን ላይ በላች። በማግስቱ ሳህን ይገዛል ብላ አስባ ይሆን? እሱም አስቦ ነበር። ከተማ ወርዶ ሱቁ በር ላይ ቆሞ፣ ስንት ይግዛ? አንድ ቢገዛ ለሳምንት እንግዳ ነው። ስድስት ቢገዛ ምን ማለቱ ነው? ሳይገዛ ተመለሰ።

የጉልበቷን ሕመም ያየው በስልክ ነው፤ እሷማ አልነገረችውም። በየእሑዱ ይደውላል። ድሮ ከወደቡ ኪዮስክ ካርድ ገዝቶ፣ ከኋላው የቆመው ባለ ወረፋ ማጅራቱ ላይ እየተነፈሰበት፤ አሁን ደግሞ ፊቷን እያየ። ደህና ነሽ? ደህና ነኝ። አንተስ? ደህና። ዝናቡስ? ነበር፣ አባርቷል። አንተ ጋስ? የለም። እዚህ ላይ ሁልጊዜ ጸጥታ ይመጣል፤ ጸጥታው ውስጥ አንድ ቃል ከሆዱ ተነስቶ እስከ ጉሮሮው ይደርሳል፣ ይደርስና እዚያው ይቆማል፣ እሱም «ላሚቱስ?» ይላል። ላሚቱ ደህና ናት። አንድ እሑድ፣ ብርድ በነበረበት ወራት፣ ፕሬንዳ ስልኩን መስኮቱ ላይ አስደግፋ፣ «ቆይ ወተቱ ሊገነፍል ነው» ብላ ሄደች፤ ሄደችና ረሳችው። ፓሽክ ባዶውን ግቢ ያያል። የእሱ ግቢ ነው፣ የእሱ የበለስ ዛፍ ነው፣ እንዴት ነው እንዲህ የወፈረው? ከዚያ እሷ ባልዲ ይዛ ብቅ አለች። ግድግዳውን ትይዛለች፣ ትቆማለች። የበለሱን ግንድ ትይዛለች፣ ትቆማለች። እግሯን አታነሳም፣ ትጎትታለች፤ ከበለሱ እስከ በረቱ ድረስ የሚያዝ ነገር የለምና እዚያ ላይ ባልዲውን አስቀምጣ፣ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሰው እንደማያያት ሆና ፊቷን አጨማደደች። ፕሬንዳ! ብሎ ቢጣራ ትሰማው ነበር። አልተጣራም። የሰው ገመና በመስኮት እንደሚያይ ሌባ ትንፋሹን ውጦ አየ፣ ከዚያ ስልኩን ዘጋ። በሚቀጥለው እሑድ ደህና ነሽ? አላት። ደህና ነኝ አለችው።

ያ ጉልበት የት እንዳለቀ ያውቃል። መሬታቸው ቬሊፖያ ከሚባለው የባሕር ዳርቻ ጀርባ ነው፣ ረግረግ ነው፣ በቆሎውም ሽንኩርቱም ውሃ ውስጥ ቆሞ የሚታረም ነው። እሱ ከአልባኒያ ወጥቶ እዚህ ደረቅ ደሴት ላይ የኪራ ካሊዮፒን ድንች ሲቆፍር፣ እዚያ ያንን ውሃ የቆመችበት እሷ ናት። የእሱን መሬት በእሷ ጉልበት፣ የሰውን መሬት በእሱ ጉልበት። ማን አለ ይህን? ማንም አላለም፤ ራሱ ነው ያለው፣ ካለ በኋላም ከራሱ ሊያወጣው አልቻለም።

በሰፈራቸው ለጉልበት መድኃኒቱ አሸዋ ነው። ነሐሴ ሲገባ ሰው ሁሉ ወደ ዳርቻው ይወርዳል፤ ወንዱ ጎሕ ሳይቀድ ቆፍሮ ጉድጓዱን አፉን ከፍቶ ለፀሐይ ይተወዋል፣ ፀሐይዋ ሆዱን እስክትጋግረው ድረስ፤ እኩለ ቀን ላይ በሽተኛዋን አስገብተው በትኩሱ አሸዋ ይሸፍኗታል፣ ላብ በላብ ሆና ስትወጣ በሱፍ ብርድ ልብስ ይጠቀልሏታል። አባቱ ለእናቱ ሲቆፍር ያስታውሳል። አባቱ ለእናቱ ጥሩ ቃል ሲናገር ሰምቶ አያውቅም፤ ጉድጓዷን ግን ዳርና ዳሩን በአካፋው ጀርባ እየደበደበ፣ ጠጠሩን በጣቱ እየለቀመ ነው የሚሠራው። ባል ያላትን ሴት ባሏ ይቆፍርላታል፣ መበለቷን ልጇ። ባሏ በሕይወት እያለ በሌላ ወንድ እጅ አሸዋ የገባች ሴት፣ ባሏን በቁሙ ቀበረችው ይባላል። ፓሽክና ፕሬንዳ የወለዷት አንዲት ሴት ልጅ ናት፣ እሷም ጣሊያን አገር አግብታ ቀርታለች። ስለዚህ ፕሬንዳ አሸዋው አፍንጫዋ ሥር እያለ፣ ጎረቤቶቿ በየነሐሴው እየተቀበሩ እየወጡ፣ እሷ ግን ስታያቸው ኖራለች። ይህን ያወቀው፣ «ነሐሴ ላይ ነይ፣ እዚህ ጥሩ አሸዋ አለ» ያላት ቀን ነው። «እዚህስ መቼ አሸዋ አጣሁ፣ አንተ ሰው?» አለችው። ሌላ አልጨመረችም። መጣች።

መጣችና ነፋሱ መጣ። እንግዲህ ምን ይደረግ፣ ነፋስ አይመታ፣ አይሰደብ። ፓሽክ ተገላበጠ፣ አልጋው ሲጢጥ አለ፣ የመዝጊያው መንገጫገጭ ረገብ አለ፣ ደግሞ ተነሳ፣ ደግሞ ረገብ አለ። ከዚያ ዝም አለ። ጭር ሲል ጆሮው ጮኸበት።

«ቆመ» አለች ፕሬንዳ ፊቷን ከግድግዳው ሳታዞር።

አልተኛችም ነበር ማለት ነው።

በማግስቱ ፀሐይ ሳትወጣ አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወረደ። ባሕሩ እንደ ወተት ረግቷል። ይህ ዳርቻ የልጆች ዳርቻ ነው፤ ውሃው ወደ ውስጥ ብዙ ተሄዶበት ገና ከጉልበት አያልፍም፣ አሸዋው እንደ ዱቄት ነው፣ ድንጋይ የለውም፣ ለዚህም ነው ከአቴና ያለው ሰው ሁሉ ሕፃኑንና ሐብሐቡን ተሸክሞ እዚህ የሚጎርፈው። ፓሽክ ግን የመጣበትን አሸዋ የሚያየው በገበሬ ዓይን ነው። ጥላዎቹና የፀሐይ አልጋዎቹ ሁለት ረድፍ ሠርተው ቆመዋል፣ በመካከላቸው በሕግ ለሕዝብ የተተወ ባዶ ቦታ አለ፤ ከባሕሩ እርጥበት ራቅ ያለ፣ ነፋስ ካጎበጣቸው የዳርቻው ዛፎች ጥላም የወጣ፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የማይለየው። እዚያ ቆፈረ። አባቱ እንደሚቆፍረው ቆፈረ። ሲጨርስ ጉድጓዱ ውስጥ ራሱ ተጋድሞ ለካት፤ እሷ ከእሱ በአንድ ራስ ታንሳለች፣ ወይስ ቀድሞ ነበር የምታንሰው? ያወጣውን አሸዋ ግራና ቀኝ ከምሮ፣ አፉን ለምሥራቅ ከፍቶ ትቶት፣ ድንቹን ውሃ ሊያጠጣ ሄደ። ልቡ ትንሽ ቀለል ብሎት ነበር። ውሃውን ከቦይ ወደ ቦይ ሲያዞር ቃሉን በሆዱ ይለማመዳል። አንዲት ቃል ናት። ዛሬ ከአሸዋው ወጥታ፣ ሞቋት፣ ፊቷ ሲፈታ ይላታል። ብዙ መናገር አያስፈልግም። ቅሪ። ይኼው ነው። ሰው ቅሪ ለማለት ይህን ያህል ዓመት ይፈጅበታል?

ሲመለስ ጉድጓዱ የለም።

ቦታው ተደልድሎ፣ ላዩ ላይ አንድ የተነፋ የጎማ አዞ ተቀምጦበታል። ደሙ ፈላ። የጥላዎቹ ሠራተኛ ስቴልዮስ፣ ፀጉሩን በጎማ ያሰረ ጎልማሳ፣ የቀዘቀዘ ቡናውን እየመጠጠ መጣ።

«ባርባ ፓስኻሊስ! አንተ ነህ እንዴ የቆፈርከው?» እዚህ ፓሽክ የሚለው ስም አፋቸው ላይ አልዞር ስላላቸው ገና በመጣ ሰሞን ፓስኻሊስ ብለውታል፤ ባርባ ደግሞ እንደ አጎት ነው፣ ላረጀ ሁሉ የሚሰጥ ነው። «እኔ እኮ ፖሊስ ልጠራ ነበር።»

«የት አደረስከው?»

«ደፈንኩት እንጂ ምን ላድርገው? አንዲት እናት ሦስት ልጆቿን አንጠልጥላ መጣችና ‹ማን ሞቶ ነው?› አለችኝ። ምን ልበላት? ስፋቱ የሰው፣ ቁመቱ የሰው፣ አፈሩ በግራና በቀኝ! የቀረው መስቀሉ ብቻ ነው። ትንሿ ልጅ እሪ አለች፣ ካልሄድን ብላ።»

«ለጉልበት ነው።»

«ምን?»

«ለጉልበት ነው፣ አልኩህ። ትኩስ አሸዋ። ለሚስቴ።»

ስቴልዮስ ቡናውን ከአፉ አራቀ። «ሚስት አለህ?»

ፓሽክ በየቀኑ በዚህ ሰው ፊት አልፏል፣ የስቴልዮስን አባትም ያውቀው ነበር፣ አባትየው ሲሞት ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ፓሽክ ነው። ሚስት አለህ ይለዋል። ምን ይበለው? ጥፋቱ የማን ነው? ተናግሮ ያውቃል?

«ስማ ባርባ፣ አትቀየመኝ» አለ ስቴልዮስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይኼ ለንጽሕናውና ለደኅንነቱ ሰማያዊ ባንዲራ የተሰጠው ዳርቻ ነው፣ የቤተሰብ ነው። ሕፃን ቢገባበት የምጠየቀው እኔ ነኝ። ደግሞ ተቆጣጣሪዎቹ ያንን የሕዝብ ቦታ እኔ የነካሁት ይመስላቸዋል፤ ዛሬ ሁሉም ስልክ ይዟል፣ አንዱ ፎቶ አንስቶ ይልክና መጥተው ጥላዎቼን ነቃቅለው ይሄዳሉ።»

«የቤተሰብ ነው አልክ?»

«አዎ።»

«እሷም ቤተሰብ ናት» አለና አካፋውን አነሳ።

እስከ ዳርቻው ጫፍ ሄደ፣ የጥላዎቹ ረድፍ እስኪያልቅ፣ አሸዋው ሸካራ እስኪሆንና የደረቀ የባሕር ሣር እስኪቀላቀልበት። ሣሩን ጠርጎ እንደገና ቆፈረ። ፀሐይዋ ግን ወጥታለች፣ ጊዜው አልፏል፣ ይህ ጉድጓድ ጠዋቱን አላገኘም፤ ጠለቅ ቢያደርገው ሆዱ ሳይደርቅ ሊቀር ነው፣ ስለዚህ ጥርሱን ነክሶ ከጉልበት የማያልፍ ጥልቀት ብቻ ቆፈረ። ግማሽ ሥራ። በሕይወቱ ግማሽ ሥራ ሠርቶ አያውቅም፣ ወይስ ከግማሽ ሌላ ሠርቶ አያውቅም? ላቡ ዓይኑ ውስጥ ይገባል። ባልዲና ትንንሽ አካፋ የያዙ ልጆች ከርቀት ቆመው አዩት፣ እናታቸው ጠራቻቸው፣ ሄዱ።

ኪራ ካሊዮፒ ፕሬንዳን በጭነት መኪናዋ ይዛት የመጣችው ፀሐይዋ አናት ላይ ሳትደርስ ነው። ቀድመሽ አታምጫት ብሏት ነበር፤ ካሊዮፒ የተባለችውን የምታደርግ ሴት ብትሆን ኖሮ ያን ሁሉ እርሻ ብቻዋን አታስተዳድርም። ሰፊ የገለባ ባርኔጣዋን ደፍታ፣ የዋና ልብሷን ለብሳ፣ ፕሬንዳን በክንዷ ደግፋ አሸዋውን ትሻገራለች፤ ፕሬንዳ ረጅሙን ጥቁር ቀሚሷን እንደለበሰች፣ ግራና ቀኝ ወደተጋደመው ራቁት ሥጋ ላለማየት ዓይኗን መሬት ላይ ተክላለች።

«አምላኬ! እውነትም መቃብር ነው!» አለች ካሊዮፒ። «ፓስኻሊስ፣ ይቺን የመሰለች ሴት ደብቀህ የኖርክ አንተ እውነት ሰው ነህ? እኔኮ ስንት ዓመት ሙሉ መነኩሴ ነው እያልኩ ለጎረቤት ሳወራ ነበር። በሬ እንኳን ሲጠማው ያገሳል! በል ንገራት። እንደዚህ አለች በላት።»

«ምን አለች?» አለች ፕሬንዳ።

«ደህና መጣሽ አለች።»

«ይህን ሁሉ ተናግራ?»

«እዚህ አገር ነገር ያስረዝማሉ።»

ፕሬንዳ ሴትዮዋን አየቻት፣ ሴትዮዋም ፕሬንዳን፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ፈገግ አሉ፣ ፓሽክም ከመካከላቸው እንደተባረረ ተሰማው። ካሊዮፒ እጇን አወናጭፋ ወደ ባሕሩ ሄደች፤ እዚያ ባርኔጣቸውን እንደደፉ እስከ ደረታቸው ውሃ ውስጥ ቆመው ወሬ የሚሰልቁ እኩዮቿ ይጠብቋታል። ጠዋቱን ሙሉ እዚያ ነው የሚቆሙት፤ ሳይዋኙ፣ ገበያ መሐል እንደቆመ ሰው።

ጠበቁ። ሁለቱም የአሸዋው ክምር ላይ ተቀምጠው ጉድጓዱ እስኪግል ጠበቁ። ከዚያ ጣቱን ሰደደ፣ ሞቋል፣ እንደሚፈልገው ባይሆንም ሞቋል። ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰበሰበች። ጉልበቷን አየው። በስልክ ያየው ምንም አልነበረም፤ እንደ ዛፍ ጉጥ አብጦ፣ ተጣሞ። ብብቷን ይዞ አስቀመጣት፣ አጋደማት፣ ትኩሱን አሸዋ በሁለት እጁ እያፈሰ መጀመሪያ ቁርጭምጭሚቷን፣ ከዚያ ጉልበቷን፣ ከዚያ እስከ ወገቧ ሸፈናት። የቀረላትን ሻሽ ዓይኗ ላይ ሳበች። «ያቃጥላል?» አላት። «ያቃጥል» አለችው። አባቱ እንዲህ ይቀመጥ ነበር፣ ከእናቱ ራስ አጠገብ፣ ዝም ብሎ፣ አሁን ፓሽክ አባቱ ነው፣ አሁን የተጋደመችው እናቱ ናት፣ ነፋስ የለም፣ የሕፃናት ጩኸት አለ፣ የሆነ ሰው ሐብሐብ ይቆርጣል፣ የቬሊፖያ ሐብሐብ ነው፣ አይደለም፣ የዚህ ነው፣ መርከቡ ነገ ጠዋት ነው፣ ሞቋታል፣ ፊቷ ሊፈታ ነው፣ አሁን ይበላት፣ ትንሽ ቆይቶ ይበላት፣ ላቧ ግንባሯ ላይ ይንቆረቆራል፣ አሁን።

«ባርባ!»

ስቴልዮስ ነው። እየሮጠ መጥቶ ያለከልካል።

«ባርባ፣ በእናትህ፣ አውጣት። ዋናተኛ የምትጠብቀው ነፍስ አድኗ ከማማው ላይ ሆና እያየችን ነው። ደውላልኛለች። ሰው ቀብሮ ማስቀመጥ ክልክል ነው።»

«ምን ይላል ይኼ ልጅ?» አለች ፕሬንዳ ሻሿን ገለጥ አድርጋ።

«ተነሱ ነው የሚለው።»

«አንተስ ምን አልከው?»

ፓሽክ ተነሳ። ጉልበቱ ላይ ያለውን አሸዋ አራገፈ። ለቀጣሪ አዎ፣ ለፖሊስ አዎ፣ ለመኖሪያ ፈቃድ ቢሮው መስኮት አዎ፣ ነገ ተመለስ ላሉት አዎ፣ በዚህ ቋንቋ ከሌላው ቃል ሁሉ አስቀድሞ የተማረው እሱን ነው፤ አሁን ያንን ቃል ፈለገው፣ አጣው።

«አትነሳም» አለ በግሪክኛ። «የትም አትሄድም። ዛሬም አትሄድም፣ ነገም አትሄድም። ሂድና ለማማው ንገር፣ ለባንዲራውም ንገር። ሚስቴ ናት፣ ጉልበቷን ያመማት እኔ እዚህ ስለሆንኩ ነው፣ እኔ የቆፈርኩት አሸዋ ውስጥ ነው ያለችው፣ ያቺም ነፍስ አድን ከሆነች ወርዳ ነፍስ ታድን!»

ስቴልዮስ ወደ ማማው ዞር ብሎ አየ። «እሺ… እሺ፣ ባርባ። እስከ ስንት ሰዓት?»

«እስኪበቃት።»

ሰውዬው ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። ጥቂት ቆይቶ ሁለት የፀሐይ አልጋዎች እየጎተተ ተመለሰና ከማማው በኩል አጋድሞ አቆማቸው፤ እንዳይታዩ ነው፣ ልጅም እንዳይገባበት ነው። «ብጠየቅ አላየሁም» ብሎ አጉረመረመና ሄደ።

«ይህን ሁሉ ምን አልከው?» አለች ፕሬንዳ።

«የትም አትሄድም አልኩት።»

«ማን ናት የማትሄደው?»

ፓሽክ ወደ ባሕሩ አየ። ባርኔጣዎቹ ሁሉ ወደ እነሱ ዞረዋል። «አንቺ።»

«እኔን ጠይቀኸኛል?»

አሸዋ አፍሶ ጉልበቷ ላይ ጨመረ።

«አውጣኝ።»

«ገና ነሽ። አሁን ከወጣሽ ብርድ ይገባብሻል።»

«አውጣኝ አልኩህ፣ አንተ ሰው! ተቀብሬ አልጠየቅም። ቆሜ ጠይቀኝ።»

ያ ሁሉ ልፋት። አንድ ሳምንት ነፋስ፣ የተደፈነ ጉድጓድ፣ ግማሽ ጉድጓድ፣ አሁን ደግሞ ከግማሹ ግማሽ። ጥርሱን እያፋጨ በእጁ ቆፈረ፤ ወገቧን፣ ጭኗን፣ ጉልበቷን። እጁ ጉልበቷ ላይ ሲደርስ ዝግ አለ። በብብቷ ይዞ አቆማት። አሸዋው በላቧ ላይ እንደ ቅርፊት ተጣብቆባታል፣ እግሯ እንደ ፍም ቀልቷል። ክንዱን ለቃ ብቻዋን ቆመች።

«በል።»

«ላሚቱን ለጎረቤት…»

«ላሚቱን ተዋት!»

«ቅሪ» አለ።

ያን ያህል ዓመት ጉሮሮው ውስጥ የተቀረቀረው ቃል ሲወጣ እንዲህ ትንሽ ነው? የፕሬንዳ ዓይን እንባ አልያዘም፤ እንባ ቢይዝ ይሻለው ነበር።

«ይቺን ቃል ከወደቡ ሆነህ፣ ሰው ማጅራትህ ላይ እየተነፈሰ ብትላት ኖሮ በእግሬ እመጣልህ ነበር። ያኔ እግር ነበረኝ። አሁን እግሬን አፈር ውስጥ ከትተህ ቅሪ ትለኛለህ?»

«አንቺስ?» አለ፣ ንዴቱም እዚህ ላይ አመለጠው። «አንድ ቀን ና ብለሽኝ ታውቂያለሽ?»

«ዝናቡ አባርቷል ስልህ ምን የምልህ መስሎህ ነበር?»

በየእሑዱ። በየእሑዱ ዝናቡ አባርቷል ትለው ነበር፤ እሱም ስለ ዝናብ የምታወራ መስሎት፣ ስለ ድንቹ እያሰበ፣ እዚህ ጋ የለም ይላት ነበር። ሰው በአንድ ቀን ስንት ነገር ነው የሚናገረው? ይዞት የመጣውን የሱፍ ብርድ ልብስ አንስቶ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላት፤ እሷም አልወረወረችውም፣ ጠበቅ አድርጋ ተጠቀለለችበትና ስቴልዮስ ካመጣቸው አልጋዎች አንደኛውን በእግሩ አቁማ ጫፉ ላይ ተቀመጠች። ፓሽክ ወደ ጉድጓዱ ተመለሰ። ጣቱን ሰደደ። እሷን ሲያወጣ ስለነካካው ከሥር ያለው እርጥበት ወደ ላይ መጥቷል። አካፋውን አነሳና ሁለት እርምጃ ያህል ፈቀቅ ብሎ፣ ደረቁ ላይ፣ መቆፈር ጀመረ። ሌላ የሚያውቀው ነገር አልነበረም።

«ምን ታደርጋለህ?»

«ያኛው ቀዝቅዟል።»

አካፋው አሸዋው ውስጥ ሲገባና ሲወጣ ሰማች።

«ይኼኛውስ መቼ ይደርሳል?»

«ጠዋቱን ፀሐይ ማግኘት አለበት።» ቀና ሳይል ነው የሚናገረው። «ነገ። እኩለ ቀን ላይ።»

መርከቡ ጠዋት ነው። እሱም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች። ፓሽክ አካፋውን ሰካ፣ አሸዋውን አነሳ፣ ወደ ግራ ደፋ፣ ደግሞ ሰካ፤ ቀና ብሎ ፊቷን ለማየት አልደፈረም። ከባሕሩ የእነካሊዮፒ ሳቅ ይሰማል። ፕሬንዳ ብርድ ልብሱን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች።

«እንግዲያ ጠለቅ አድርገው» አለችው። «ወገቤንም ያመኛል።»